ለአቶም የወጣው ቅሬ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀን ቀን መተኛት ለምዶብኛል። ከምሳ በኋላ መርሳ ባለችው ቤቴ፣ ከማንጎዋ ጥላ ሥር ጋቢዬን ጣል አድርጌ ጋደም እላለሁ። ባለቤቴ "እንቅልፋም ሆንክ" ትለኛለች። እንቅልፍ ግን አይደለም። ዓይኔን ስከድን ያስተማርኩባቸው ክፍሎች ሁሉ አንድ ክፍል ሆነው ይመጣሉ፤ የውርጌሳው መስኮት በወልዲያው ግድግዳ ላይ፣ የግራናው በር ከመርሳው ሰሌዳ አጠገብ። ፀሐይ በቆርቆሮው ሽንቁር ትገባለች፣ የጠመኔ ብናኝ በጨረሯ ውስጥ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል፣ እኔም ቆሜ አየዋለሁ። ከዚያ አንዱ እጁን ያወጣና ሊጠይቀኝ ሲል፣ ጥያቄውን ሳልሰማው እነቃለሁ።

የማስተምረው ኬሚስትሪ ነበር። ከኬሚስትሪም የምወደው የአቶምን ምዕራፍ ነው። ጎረቤቶቼ "የማይታይ፣ የማይበላ ነገር ምኑ ይወደዳል?" እያሉ ይስቁብኛል። እውነታቸውን ነው። እኔ የወደድኩት አቶሙን ሳይሆን ሰዎች ስለ እሱ እየተሳሳቱ፣ ስሕተታቸውንም እያረሙ የመጡበትን መንገድ ነው።

መጀመሪያ የተመደብኩት ውርጌሳ ነው። ከጉባ ላፍቶ ደጋ የወረድኩ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ሙቀቱ ራሴን ያዞረኛል፣ ግማሹ ተማሪ በቁመት ይበልጠኛል። እንዳይንቁኝ ፊቴን አኮሳትሬ እገባና መጽሐፉን ቃል በቃል ሰሌዳው ላይ እገለብጣለሁ፤ እነሱ ወደ ደብተራቸው ይገለብጣሉ፤ ደወል ይደወላል። አንድ ቀን አንዱ "ቲቸር፣ አቶምን ማን አየው?" አለኝ። "መጽሐፉ ላይ አለ፣ ተቀመጥ" አልኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ያኔ ሞኙም ወረቀቱም እኔው ነበርኩ። ከዚያ ግራና ተዛውሬ ሦስት ዓመት ሠራሁ፤ እዚያም ያው መገልበጥ ነው።

ሰው ያደረጉኝ ወልዲያ ያገኘኋቸው ጋሽ ኪዳኔ ናቸው። አባታቸው ከትግራይ ለንግድ መጥተው ወልዲያ የቀሩ፣ እሳቸውም እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጁ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። ክርኑ ላይ የተጣፈ ነጭ ጋውን ይለብሳሉ። የጠመኔ ስባሪ አይጥሉም፤ በክብሪት ቀፎ ያጠራቅሙና ጣታቸው ጫፍ ላይ እስኪያልቅ ይጽፉበታል። በገባሁ በሳምንቱ ክፍላቸው ኋላ ተቀምጬ እንዳይ ፈቀዱልኝ።

ሰዓቱ ተጀመረ፤ እሳቸው ግን ማስተማሩን ትተው ከዴስክ ዴስክ ይዞራሉ። "እናትህ ተሻላት?" "የጠፋችው ላም ተገኘች?" "አንቺ፣ ዓይንሽ ለምን ቀላ?" አሥር ደቂቃ እንዲሁ አለቀ። ስንወጣ "ጋሼ፣ ሰዓት አይባክንም?" አልኳቸው። "አንተ የጉባው ልጅ፣ ማን እንዳለ ሳላውቅ ለማን ላስተምር?" አሉኝ። ሽማግሌ ወሬ ይወዳል ብዬ በሆዴ አለፍኩት።

ማስተማር ሲጀምሩ ግን ሌላ ሰው ናቸው። የሊቃውንቱን ስም ማሸምደድ አይወዱም። "ስሙን ተዉት፤ ሰውየው ምን አይቶ ሐሳቡን ቀየረ? እሱን ንገሩኝ" ይላሉ። ከጥንቱ ይጀምራሉ። አንዲት የጤፍ ፍሬ መዳፋቸው ላይ አድርገው "ቁረጧት፤ ግማሿንም ቁረጧት፤ የት ላይ ትቆማላችሁ?" ይላሉ። "ጥንት ግሪክ አገር ያሉ ሰዎች፣ ከሆነ ቦታ ወዲያ አትቆረጥም አሉ። አላዩም፣ አልመዘኑም፤ ቁጭ ብለው አሰቡ።" ከብዙ ዘመን በኋላ ጋዝ ሲለካና ሲመዝን የሚውል አንድ እንግሊዛዊ አስተማሪ ይመጣል። ነገሮች ሲዋሐዱ ሁልጊዜ በተወሰነ ልክ መሆኑን አይቶ፣ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ ክብደት ካላቸው ድፍን ኳሶች ነው የተሠራው ይላል። ጋሽ ኪዳኔ ድፍን ክብ ይስላሉ፤ ክፍሉም ያምናል።

ኳሱ የሚሞትበት ቀን ይመጣል። ከአቶም እጅግ ያነሰች፣ ኤሌክትሪክ ያላት ቅንጣት ከውስጡ ስትወጣ ትገኛለች፤ እንግዲህ ድፍን ነው ማለት ቀረ። ይሄኔ ጋሽ ኪዳኔ ወረቀት እንደ ጥሩምባ ጠቅልለው ይነፋሉ። "አቶ ድፍኑ አርፈዋል፤ ቅሬ ውጡ!"

ቅሬ በእኛ አገር ቀብር የሚያወጣው ማኅበር ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አለበት። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፤ የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይወጣል። በጋሽ ኪዳኔ ክፍል አንድ ተማሪ የቅሬ ዳኛ ሆኖ ይቆምና ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። "ሟች ምን አደረገልን?" ሲል ከየዴስኩ መልስ ይመጣል፤ መመዘን አስተማረን፣ ፎርሙላ መጻፍ አስቻለን ይላሉ። "ምን ጎደለው?" ሲል ግን ዝም። ሙት ወቃሽ መሆን ነውር ነዋ። ጋሽ ኪዳኔ ታዲያ "ሰው ሲሞት አይወቀስም፤ ሐሳብ ሲሞት ግን ካልተወቀሰ አይቀበርም" ይሏቸዋል። መጨረሻ ላይ ስዕሉ ላይ አንድ መስመር ያሰምራሉ እንጂ በዳስተር አያጠፉትም። ሟቹን ከነሥራው የሚያጠፋ የቅሬ ሰው የለም ባይ ናቸው።

በኳሱ ቦታ ዳቦ ይነሣል፤ ኤሌክትሮን የተባሉት እነዚያ ቅንጣቶች እንደ ጥቁር አዝሙድ ውስጡ የተበተኑበት ዳቦ። ዳቦው የሚሞትበትን ቀን ከሁሉ እወደዋለሁ። ጋሽ ኪዳኔ ከተማሪው ቀድመው ይገቡና ወለሉ ላይ ድንጋይ አስቀምጠው ሰፌድ ይደፉበታል፤ ብይ እንዲያሳልፍ የሰፌዱን ዳር በጠጠር ከፍ ያደርጉታል። ተማሪው ከየአቅጣጫው ብይ ያንከባልላል። ሰፌዱን ማንሳት ክልክል ነው። አብዛኛው ብይ ሰተት ብሎ በወዲያ በኩል ይወጣል፤ አንዳንዱ ይጣመማል፤ አንዱ በመጣበት ይመለሳል። የእያንዳንዱን መንገድ ወለሉ ላይ በጠመኔ እያሰመሩ፣ ያላዩትን ድንጋይ መጠኑንና ቦታውን ይደርሱበታል። "ያም ሰው እንዲሁ ነው" ይላሉ ጋሽ ኪዳኔ። "ስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ቅንጣት እየላከ ቢያይ፣ አብዛኛው አለፈ፤ ከስንት አንድ ተመለሰ። ጉም ውስጥ የወረወርከው ድንጋይ ተመልሶ ግንባርህን ካለህ፣ ጉሙ ውስጥ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።" አቶም አብዛኛው ባዶ ሆኖ፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ጠጣር ነገር እንዳለ የታወቀው በዚህ ነው። ቀጥሎ ኤሌክትሮኑ በመሀሉ ዙሪያ የራሱን ክብ ጠብቆ ይዞራል ተባለ፤ እሱም ኖሮ ኖሮ ሞተ። መጨረሻ የመጣው ደመናው ነው። ኤሌክትሮኑ እዚህ ጋ ነው አይባልም፤ እዚህ ጋ የመገኘት ዕድሉ ይህን ያህል ነው ይባላል እንጂ። ደመናው ላይ መስመር አያሰምሩም። "ይሄስ መቼ ነው የሚሞተው?" ብላቸው "እንጃ ልጄ፤ ጥሩምባውን ለእናንተ ትቻለሁ" አሉኝ።

መርሳ ስዛወር ጨዋታውን ሁሉ ይዤ ሄድኩ። ሰፌድ ገዛሁ፣ ብይ አጠራቀምኩ፣ ወረቀት ጠቀለልኩ። አንድ ሱፐርቫይዘር "ክፍል ውስጥ ለቅሶ ምንድነው? ዕቅድዎ ላይ የለም" ብሎ ጻፈብኝ፤ በሚቀጥለው ዕቅድ ላይ "አሳታፊ ዘዴ" ብዬ ሞላሁትና ታለፈ። የጋሽ ኪዳኔን አሥር ደቂቃ ግን ተውኩት። ምዕራፉ ብዙ፣ ሰዓቱ አጭር፤ የሰው ላም ተገኘች አልተገኘች ምን ቸገረኝ አልኩ። ከሳቸው ሁሉን የወሰድኩ መስሎኝ ዋናውን ጥዬ መምጣቴን ያወቅኩት ዘግይቶ ነው።

እሳቸው ጦርነቱ ሳይመጣ አረፉ። የወልዲያ ቅሬ መንገዱን ሞልቶ ወጣላቸው። ጎረቤት ጎረቤቱን "አንተ ከየት ነህ?" ያለበትን ያን ጊዜ ባለማየታቸው ደስ ይለኛል፤ በወዳጄ ሞት ደስ ማለቴን ሳስበው ደግሞ አፍራለሁ።

ጦርነቱ ሲደርስብን ከባለቤቴ ጋር በእግር ወጣን፤ ደሴ፣ ከደሴም ደብረ ብርሃን። የነዚያ ወራት ነገር አሁንም እንደ ሕልም ነው የሚመጣብኝ፤ መንገዱ ሰው ብቻ፣ ሰዉ ደግሞ ድምፅ የሌለው። ስንመለስ የቤቴ በር የለም፤ ማንጎዋ ግን አለች። ትምህርት ቤታችን ዴስኩ ተማግዶ፣ ብልቃጡ ተሰባብሮ ጠበቀን። ተማሪው ወለል ላይ ተቀመጠ። እኔ ግን እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጠመኔ በእጄ ስይዝ እንደ ሰከረ ሰው ሆንኩ፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ ሳልል የአሥራ አንደኛ ክፍልን የአቶም ምዕራፍ ጀመርኩ።

በዚያ ክፍል ሰአዳ የምትባል ከግራና የምትመላለስ ልጅ ነበረች። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች አስተምሬያታለሁ። የወረቀቱን ጥሩምባ እሷን የሚያህል የሚነፋ አልነበረም፤ ስትነፋው እውነት ሰው የሞተ ይመስል የጎረቤት ክፍል ተማሪ በመስኮት ያይ ነበር። አባቷ ሙሄ የግራና ቅሬ ጥሩምባ ነፊ ነው፤ "እሱ ነው ያስተማረኝ" ትላለች በኩራት።

ድፍኑ ኳስ የሚሞትበት ቀን ደረሰ። ወረቀቱን ጠቅልዬ "ሰአዳ፣ ነይ ንፊልን" አልኳት። ተነሥታ መጣች፤ ተቀበለችኝ፤ አፏ ላይ አደረገችው። ቆመች። ምንም ድምፅ የለም። ክፍሉ ጭጭ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ከዝምታው ይገባው ነበር። እኔ ሆዬ "ምነው፣ ጦርነቱ ትንፋሽሽን ወሰደው እንዴ?" ብዬ ሳቅሁ።

ወረቀቱን ፈታች፣ በተረፈችው ጠረጴዛዬ ላይ በእጇ ዳበስ ዳበስ አድርጋ ዘረጋችው፣ ወጣች። "ያለ ፈቃድ ከክፍል አይወጣም" አልኩ ከኋላዋ። ስም መጥሪያው ላይም ቀሪ አልኳት።

ሰዓቱ ሲያልቅ የቅርብ ጓደኛዋ ጠበቀችኝ። "ቲቸር፣ አባቷ እኮ ሞቷል" አለችኝ። ማሽላው ሲደርስ ወፍ ሊጠብቅ ወጥቶ፣ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ከባድ መሣሪያ ማሳው ውስጥ ጣለው። ጥሩምባ አልተነፋለትም፤ ድምፅ ማሰማት ያስፈራ ነበር። እናቷ፣ እሷና ሁለት ጎረቤት ሆነው ቀበሩት። ያን ሁሉ ዓመት ለሌላው ሲነፋ የኖረ ሰው ሳይነፋለት ሄደ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ እህል አልቀመስኩም። ጋሽ ኪዳኔ ዓይኔ ላይ መጡብኝ፤ ከዴስክ ዴስክ እየዞሩ። አሥር ደቂቃ ሰጥቼ "እንዴት ከረማችሁ?" ብል ኖሮ ያ ሁሉ አይሆንም ነበር።

ሰአዳ ሳምንቱን አልመጣችም። ሁለተኛውንም አልመጣችም። ጓደኛዋ "ከአክስቷ ልጅ ጋር አረብ አገር ልትሄድ ነው፣ ደላላው ቀን ቆርጦላቸዋል" አለችኝ። ያን መንገድ መርሳ ውስጥ የማያውቀው የለም። በጅቡቲ አድርገው ባሕሩን ለመሻገር ሄደው ድምፃቸው የጠፋ ተማሪዎቼን በጣቴ ቆጥሬ አልጨርሳቸውም። ይቺ ልጅ በእኔ ቀልድ ምክንያት በዚያው መንገድ ልትሄድ ነው።

በጠዋት ወደ ግራና ወረድኩ። ጉሙ ብርቱካኑ ላይ ተኝቶ ዛፉ ከወገቡ በታች ብቻ ይታያል፤ ሰው ከጉሙ ብቅ ይልና "እንዴት አደሩ" ብሎኝ ተመልሶ ይጠፋል። ወጣት ሳለሁ ያስተማርኩበትን መንደር እንደማላውቀው ሆኜ ሄድኩ። እናቷ ወይዘሮ መዲና ደጃፍ ላይ ማሽላ ታበጥራለች።

"እግዜር ያፅናችሁ። ዘግይቻለሁ" አልኩ።

"አልሐምዱ ሊላህ፣ መምህር። አብሽሩ፣ የመጣ አልዘገየም። ይግቡ" አለችኝ።

ቤቱ ምሰሶ ላይ የሙሄ ጥሩምባ ተሰቅሏል። ሰአዳ ከጓዳ ወጥታ ሰላም አለችኝና ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። አጠፋሁ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። ወደ ምሰሶው እያየች "ቲቸር፣ አንቱ አላወቁም። አልተቀየምኩም" አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተቀየረ። "ግን ለአቶሙ ቅሬ ወጣችሁ። ለአባቴ ማን ወጣ?"

ያንኑ ጥያቄ ይዤ የቅሬው ዳኛ ሼህ ይመር ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌው ጢማቸውን እያሹ ሰሙኝ። "መምህር፣ ለአንድ ሬሳ ሁለቴ ቅሬ አይወጣም። ሥርዓት አይደለም" አሉ።

"ሼህ፣ አንድም ጊዜ አልወጣም እኮ" አልኳቸው።

ጢማቸውን ለቀቁ። "አውቃለሁ" አሉ። "ያን ዕለት እኔም በሬን ዘግቼ ነበር። ሙሄ እኔ ብሞት በሩን አይዘጋም ነበር።"

የሙሄ ሰደቃ በሚወጣበት ጠዋት ቅሬው እንዲጠራ ተወሰነ። ችግሩ ነፊ ነው፤ ከሙሄ ወዲህ ማንም አልተተካም። ዕለቱ ሲደርስ ሙሄ ቤት የተሰበሰቡት ወጣቶች እርስ በርስ ሲተያዩ ሰአዳ ተነሥታ ጥሩምባውን ከምሰሶው አወረደች። አንዱ "ሴት ነፍታ አታውቅም" አለ። ወይዘሮ መዲና "ወንዱ ሲፈራ የቀበረችውም ሴት ናት" አለችው። ሼህ ይመርም "ትንፋ" አሉ።

ከቤቱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥታ ነፋች። መጀመሪያ ተሰበረባት፤ ሁለተኛው ወጣ። ድምፁ ማሳውን አቋርጦ ሄደና ቆየ። እኔ ማንም ባይመጣስ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ወጣ፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ቀጥሎ በየመንገዱ። የሚያርመው ማረሚያውን፣ የሚያጠጣው አካፋውን እንደያዘ መጣ። የእኔም ተማሪዎች ነግሬያቸው ከመርሳ መጥተው ነበር። ዱዓው ሲያልቅ ሼህ ይመር ሙሄ ስንት ክረምት፣ ስንት ሌሊት ተነሥቶ ለማን ለማን እንደነፋ እየጠሩ ተናገሩ። ሰአዳ ያን ሁሉ ወር አልቅሳ አታውቅም ነበር አሉኝ፤ ያን ጊዜ አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ስሸኝ እስከ መንገዱ ተከተለችኝ። ስለ ጉዞዋ ልጠይቃት ስል ቀደመችኝ።

"ቲቸር፣ የት ደረሳችሁ?" አለችኝ።

"ዳቦው ላይ።"

"ሞተ?"

"ገና ነው።"

"ሰኞ እመጣለሁ። እኔ ሳልመጣ እንዳትቀብሩት" አለች።

ሰኞ መጣች፤ ደላላው የቆረጠው ቀንም እንዲሁ አለፈ። እኔም ከዚያ ሰኞ ጀምሮ አሥሩን ደቂቃ መለስኩ። ወለል ላይ በተቀመጡት መሀል እየዞርኩ እጠይቃለሁ፤ ወንድሙ የጠፋበት አለ፣ ቤቷ የተቃጠለ አለች፣ ምንም ያልሆነና ምንም ባለመሆኑ የሚያፍር አለ። ምዕራፉን በዚያ ዓመት አልጨረስኩም። ሰአዳ በዓመቱ ማትሪክ ወስዳ አለፈች፤ ዩኒቨርሲቲም ገባች።

ዕድሜዬ ደርሶ የጡረታ ፎርሜን ሞልቼ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ክፍል የገባሁ ዕለት ሰሌዳው ላይ የእኔ ስም ተጽፎ አገኘሁ። ከፊት የቆመችው የቅሬ ዳኛ ሰአዳ ናት፤ ለዕረፍት መጥታ ተማሪዎቹን ያሳደመች እሷ ናት። አንዱ ወረቀት ነፋ። "ቲቸር ከሥራ አርፈዋል፤ ቅሬ ውጡ!" ተሳሳቅን። "ምን አደረጉልን?" ስትል ከየአቅጣጫው ሙገሳ ዘነበ፤ ግማሹ ውሸት ነው፣ ደስ ግን ይላል። "ምን ጎደላቸው?" ስትል ክፍሉ ጸጥ አለ።

"እሺ፣ እኔ እናገራለሁ" አለች። "ሙት ወቃሽ አልሆንም፤ ቲቸር በሕይወት አሉ። የጎደላቸው መጠየቅ ነበር። ሳይጠይቁ ያስተምሩ ነበር፤ አንድ ቀን ሳይጠይቁ ሳቁብኝ።" አንገቴን ደፋሁ። "ከዚያ ግን ግራና ድረስ መጥተው ጠየቁ። እኔ እዚህ የቆምኩት ስለጠየቁ ነው።"

ጠመኔ አንሥታ ስሜ ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረች። አንዱ ዳስተር ሊያቀብላት ሲል እጁን መለሰችው። ከዚያ ከዴስክ ዴስክ መዞር ጀመረች፤ ይህን ደህና መሆኑን፣ ያችን ስለ እናቷ እየጠየቀች። ጋሽ ኪዳኔን በዓይኗ አይታቸው አታውቅም፤ ግን የሳቸው አካሄድ ነው። መጨረሻ ላይ እኔ ዘንድ ደርሳ ቆመች።

"አንቱስ ቲቸር፣ እንዴት አደሩ?"

በዚያ ሁሉ ዘመን ክፍል ውስጥ ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። ደህና ልል ነበር።

"ፈርቼ አደርኩ" አልኳት።

ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ "ምን ያስፈራዎታል? ይንገሩን፣ ሰዓት አለን" አለችኝ።